ሚዛን በልጆቻችን እጅ



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን ከልጆቻችሁ ጋር በቤታችሁ ልትሠሩት የምትችሉትን አንድ ትምህርት ይዘን ቀርበናል። ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ መጥረጊያ፣ ሦስት የውሃ ሃይላንድ፣ አንድ ጣውላና ባዶ ግድግዳ ይበቃዋል። ርእሱ ሚዛን ነው። አንድ ነገር ቀጥ ብሎ የሚቆመው ለምንድን ነው? የሚወድቀውስ ለምንድን ነው?

ልጆቻችን ከፍ ወዳሉት ክፍሎች ሲደርሱ «ሴንተር ኦፍ ግራቪቲ» የሚለውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ብዙዎቹ ትርጉሙን ሸምድደው ለፈተና ይጽፉታል። ይሁንና ያው ተማሪ ታናሽ ወንድሙ የቁም ሣጥን መሳቢያ እንደ መሰላል እየረገጠ ሲወጣ ቢያይ፣ የሸመደደው ትምህርት ስለዚህ ሣጥን የሚናገር መሆኑ ትዝ አይለውም። ስለዚህ እኛ የምንለው እንዲህ ነው፦ አስቀድሞ እጁ ይወቀው፤ ቃሉ በኋላ ይድረስ።

የመጀመሪያው ሙከራ በመጥረጊያ ነው። እንጨቱ ረጅም የሆነ መጥረጊያ አምጡ። ልጁ እጆቹን አራርቆ በሁለቱ ሌባ ጣቶቹ ላይ በአግድም ያሳርፈው። ከዚያም ጣቶቹን ቀስ እያለ ያቀራርብ። አንዴ የቀኙ ጣት፣ አንዴ የግራው እየተንሸራተተ በመጨረሻ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ መጥረጊያውም አይወድቅም። ከየትም ቢጀምር የሚገናኙበት ቦታ ያው አንድ ነው። ምክንያቱም ብዙ ክብደት የተሸከመው ጣት ሰበቃው ስለሚበረታ ባለበት ይቆያል፤ ሸክሙ የቀለለው ይንሸራተታል። እየተጠጋ ሲሄድ ደግሞ የእርሱም ሸክም ይጨምርና ተራውን ለሌላው ይለቃል። የሚገናኙበት ቦታ የክብደት ማዕከሉ ያለበት ነው። የመጥረጊያው ክብደት በሙሉ እዚያች ነጥብ ላይ የተሰበሰበ ያህል ነው ማለት ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «እዚህ ላይ ብንቆርጠው ሁለቱ ቁራጮች እኩል ይመዝናሉ?» ብዙ ልጆች፣ አዋቂዎችም ጭምር፣ «አዎን» ይላሉ። ነገር ግን መጥረጊያው ያለበት አጭሩ ወገን ይከብዳል። ሚዛን የሚጠበቀው በክብደት ብቻ ሳይሆን በርቀትም ጭምር ነው። ቀላሉ ወገን ረጅም በመሆኑ ከባዱን ይቋቋመዋል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህ ጥያቄ የልጅ ጨዋታ ብቻ አይምሰላችሁ። አባቶቻችን ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የሰጡት ጉዳይ ነው። አል-ኻዚኒ የተባለው ሊቅ በ515 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1121/22፣ «ኪታብ ሚዛኑል ሒክማ» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። በባርነት ያደገና ጌታው ያስተማረው ሰው ነበር። የኖረው ዛሬ ቱርክሜኒስታን በምትባለው አገር ውስጥ በነበረችው በመርው ከተማ ነው። በመጽሐፉ ከእርሱ በፊት የነበሩት አቡ ሰህል አል-ቁሂና ኢብኑል ሀይሠም ስለ ክብደት ማዕከል የደረሱበትን አስፍሯል። ንጹሑን ወርቅ ከተቀላቀለው ለመለየት በአየርና በውሃ ውስጥ የሚመዝን ሚዛንም በዝርዝር ገልጿል። እኛም እስከ ዛሬ በአማርኛችን «ሚዛን» የምንለው እነርሱ ያሉትን ቃል ነው።

ሁለተኛው ሙከራ በግድግዳ ነው። ልጁ ተረከዙንና ጀርባውን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ይቁም። ከእግሩ ፊት መሐረብ አስቀምጡና ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ እግሩንም ሳያንቀሳቅስ ጎንበስ ብሎ እንዲያነሣው ንገሩት። አይችልም፤ ወደ ፊት ይወድቃል። ስለዚህ አጠገቡ ሁናችሁ ደግፉት። ከግድግዳው ራቅ ብሎ ሲሞክር ግን በቀላሉ ያነሣዋል።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ጎንበስ ስንል ራሳችንና ደረታችን ወደ ፊት ሲሄዱ ዳሌያችን ወደ ኋላ ይሄዳል። በሶላት ሩኩዕ ስናደርግ ሁልጊዜ የምናደርገው ይህንን ነው፤ ልብ ብለነው ግን አናውቅም። ግድግዳው ዳሌያችንን ሲከለክለው ክብደታችን ከእግራችን አልፎ ይሄዳል። ሕጉም ይኸው ነው፦ ከክብደት ማዕከሉ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት የሚወርደው መስመር በመቆሚያው ውስጥ እስካረፈ ድረስ ነገሩ ይቆማል፤ ከመቆሚያው ሲወጣ ይወድቃል።

ሦስተኛው ሙከራ በሃይላንድ ነው። ሦስት እኩል የሆኑ ሃይላንዶች ውሰዱ። አንዱን በውሃ ሙሉት፣ አንዱን ሩብ ያህል ብቻ ሙሉት፣ አንዱን ባዶ ተዉት፤ ሁሉንም ክደኑ። ጣውላ ላይ ጎን ለጎን አቁሟቸውና እንዳይንሸራተቱ በሥራቸው ቀጭን ማስመሪያ አያይዙ። ከማንሣታችሁ በፊት «የትኛው መጨረሻ ይወድቃል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እያንዳንዱ ልጅ ግምቱን ይናገር። ከዚያ የጣውላውን አንድ ጫፍ በቀስታ አንሡ። ብዙ ልጆች ሙሉው ከባድ ስለሆነ ጸንቶ ይቆማል ብለው ይገምታሉ። መጨረሻ የሚወድቀው ግን ሩብ ውሃ ያለው ነው። ክብደቱ ከታች ስለተሰበሰበ ማዕከሉ ዝቅ ብሏል። የሙሉውና የባዶው ማዕከል ግን ወደ ወገባቸው አካባቢ ነው።

ልጁ ይህን በዓይኑ ካየ በኋላ ቤቱን አብራችሁ ዙሩ። የትኛው ዕቃ ነው ሙሉውን ሃይላንድ የሚመስለው? በረጅምና ጠባብ ብፌ ላይ የተቀመጠ ቴሌቪዥን አለ? የቁም ሣጥኑ መሳቢያዎች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ክብደቱ ወደ ፊት ይወጣል፤ ሕፃን ሲንጠለጠልበት ደግሞ መስመሩ ከሣጥኑ እግር ያልፋል፤ ሣጥኑም በሕፃኑ ላይ ይወድቃል። በዚህ ዓይነት አደጋ በልዩ ልዩ አገሮች ሕፃናት ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከባዱን ዕቃ ወደ ታችኛው መሳቢያ አውርዱ፤ ቴሌቪዥኑን ዝቅና ሰፋ ባለ ነገር ላይ አስቀምጡ፤ ረጅሙን ሣጥን ከግድግዳው ጋር በብሎን አስሩ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

መንገድ ላይም እንዲሁ ነው። ጣራው ላይ ጆንያ የተከመረበት አውቶቡስ፣ ጭነቱ ወደ ላይ የተቆለለ አይሱዙ፣ ማዕከሉ ከፍ ስላለ ኩርባ ላይ ሲፈጥን በቀላሉ ይገለበጣል። ይህን በልጅነቱ የተረዳ ልጅ ነገ ሾፌር ወይም ነጋዴ ሲሆን ጭነት ከመቆለል ይቆጠባል፤ ተሳፋሪም ቢሆን «አልሄድም» ለማለት ምክንያት ይኖረዋል።

በመጨረሻ ለወላጆች የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። መልሱን ቀድማችሁ አትንገሯቸው። ልጁ ይገምት፣ ይሞክር፣ ግምቱ ሲፈርስ ይገረም፣ ምክንያቱንም ራሱ ለመናገር ይሞክር። ተሳስቶ ሲስቅ አትቆጡት። ሴት ልጆቻችሁንም ከወንዶቹ እኩል አሳትፉ፤ እንስራና ጄሪካን የምትሸከም ልጅ ስለ ሚዛን ሰውነቷ ብዙ ያውቃል፤ ምክንያቱን ማወቅ ደግሞ መብቷ ነው።

በዚህ ሳምንት መጥረጊያውን ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን ይለግሳቸው፤ ከአደጋም ይጠብቃቸው።

ወቢላሂ ተውፊቅ።