በጭንቅ ቀን በጸሎት በእግዚአብሔር ስለ መታመን

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል

ምእመናን ሆይ፤ ሰው በደኅናው ቀን በእግዚአብሔር መታመን ይቀለዋል። ጎተራው ሞልቶ፥ ልጆቹ ጤና ሆነው፥ አገሩ ሰላም ሲሆን «እግዚአብሔር ያውቃል» ማለት የዘወትር ንግግር ነው። የዚህ ቃል እውነተኛነት የሚመረመረው ግን ዝናም በቀረ፥ በሽታ በገባ፥ ጠላት በከበበ ቀን ነው። በዚያ ቀን ብዙ ሰው ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል። አንዱ ጸሎትን ትቶ በጉልበቱና በብልሃቱ ብቻ ይመካል፤ ሁለተኛው ደግሞ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥና ስንፍናውን እምነት ብሎ ይጠራዋል። ከሁለቱ የሚሻለው መንገድ የቱ እንደ ሆነ የይሁዳ ንጉሥ የሕዝቅያስ ታሪክ ያስረዳል።

ከጌታ ልደት በፊት በ701 ዓመት የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም በይሁዳ ላይ ዘመተ። ሰናክሬም ያስጻፈው የሸክላ ጽሑፍ በነነዌ ፍርስራሽ ተገኝቶ ዛሬ በለንደን ቤተ መዘክር ተቀምጧል፤ በእርሱም 46 የተመሸጉ ከተሞችን እንደ ያዘ ይናገራል። ሕዝቅያስ አስቀድሞ ጠላቱን በገንዘብ ሊመልስ ሞከረ። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ተጠየቀ፤ ይህንንም ለመክፈል በቤተ መቅደሱ ደጆች ላይ የነበረውን ወርቅ እንኳ ቆርጦ ሰጠ። ጠላቱ ግን ወርቁን ተቀብሎ ሲያበቃ ሠራዊቱን ወደ ኢየሩሳሌም ሰደደ።

የአሦር አለቃ ራፋስቂስ በከተማይቱ ቅጥር አጠገብ ቆሞ በአይሁድ ቋንቋ ጮኾ ተናገረ። የንጉሡ ሹማምንት ሕዝቡ እንዳይሰማ በሶርያ ቋንቋ እንዲናገር ቢለምኑት እንቢ አለ፤ የፈለገው የሕዝቡን ልብ ማቅለጥ ነበርና። ሁለት ሺህ ፈረስ ቢሰጣቸው የሚቀመጥበት ሰው እንደማያገኙ እየዘበተ፥ በእግዚአብሔር መታመናቸው ከንቱ እንደ ሆነ አወራ። በቅጥሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ግን ንጉሡ እንዳዘዛቸው አንድ ቃል እንኳ ሳይመልሱ ዝም አሉ። ለሚያስፈራራ ሁሉ መልስ መስጠት አይገባም፤ የተጨነቀ ሰው አስቀድሞ ቃሉን ማቅረብ የሚገባው ወደ ሌላ ችሎት ነውና።

ከዚህ በኋላ የዛቻ ደብዳቤ መጣ። ሕዝቅያስም ደብዳቤውን ተቀብሎ ካነበበ በኋላ ወደ ቤተ መቅደስ ወጣና በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። ከዚህ ሥራው ሦስት ትምህርት ይገኛል። መጀመሪያው፥ ጭንቀትን እንዳለ ማቅረብ ነው። ንጉሡ በጸሎቱ የአሦር ነገሥታት ብዙ አሕዛብን እንዳጠፉ በእውነት ተናገረ፤ መከራውን ቀንሶ ወይም ሸፍኖ አልጸለየም። በቤቱ ያለውን ችግር ከእግዚአብሔር የሚሸሽግ ሰው መድኃኒት ፈልጎ ቁስሉን ከሚደብቅ በሽተኛ አይለይም። ሁለተኛው፥ በጸሎት ብቻውን አለመቆሙ ነው። ወደ ነቢዩ ኢሳይያስ መልክተኞችን ልኮ እንዲጸልይላቸው ለመነ። የማኅበር ጸሎትና ምሕላ የተሠራው ስለዚህ ነው፤ አንዱ እግዚኦታውን ለመድረስ ኃይል ባጣ ጊዜ አጠገቡ የቆመው ይደርስለታል። ሦስተኛው፥ የለመነው ስለ ዙፋኑ ክብር አለመሆኑ ነው፤ የምድር መንግሥታት ሁሉ የእግዚአብሔርን አምላክነት እንዲያውቁ ለመነ እንጂ።

ነገር ግን ይህ የጸለየ ንጉሥ እጁን ያጣጠፈ ንጉሥ አልነበረም። የፈረሰውን ቅጥር ሠርቷል፤ ከከተማው ውጭ ያሉትን ምንጮች ደፍኖ የግዮንን ውሃ በምድር ውስጥ ወደ ከተማው አግብቷል። ይህ ከአለት የተፈለፈለ ቦይ ርዝመቱ ከ500 ሜትር ይበልጣል፤ እስከ ዛሬም በኢየሩሳሌም ውሃ ይሄድበታል። በ1880 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በግድግዳው ላይ የተገኘው ጽሑፍ ቆፋሪዎቹ ከሁለት ወገን ተነሥተው የባልንጀሮቻቸውን ድምፅ እየሰሙ በመካከል እንደ ተገናኙ ይናገራል። ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። እያለቀሰ ጸለየ፤ 15 ዓመትም ተጨመረለት፤ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ጸሎቱን የሰማ አምላክ መድኃኒቱንም አልናቀም። እንግዲህ ጠበል የሚጠመቅ ሰው የሐኪምን መድኃኒት መጣል፥ ዝናም እንዲመጣ የሚጸልይ ገበሬም እርሻውን ጦም ማሳደር አይገባውም።

ኢየሩሳሌም ዳነች። በሰናክሬም ጽሑፍ ሕዝቅያስን በከተማው ውስጥ እንደ ዘጋበት ይነበባል፤ ከተማይቱን እንደ ያዘ የሚናገር ቃል ግን አይገኝበትም። በዚህ ስፍራ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ለኪሶ የምትባለው የይሁዳ ከተማ በዚያው ዘመቻ ወድቃለች። በነነዌ ቤተ መንግሥት ግድግዳ የተቀረጸው ሥዕል ሰዎቿ ሴቶችና ሕፃናትን ይዘው፥ ዕቃቸውን በበሬ ሠረገላ ጭነው ሲማረኩ ያሳያል። ከእነርሱ መካከል የጸለየ አልነበረምን? በኢትዮጵያም በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ በጥይት አለቁ። ዕድሜያቸውን በጸሎት የፈጸሙ አባቶች አልነበሩምን?

ይህን ጥያቄ በችኮላ የሚዘጋ መምህር ያዘኑትን ሰዎች ይበድላል። የወደቁት ከዳኑት ይልቅ ኃጢአተኞች ስለ ሆኑ ነው ማለት ጌታ በወንጌል የከለከለው ፍርድ ነው፤ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው ሰዎች በተናገረ ጊዜ ይህን ሐሳብ ነቅፏልና። ሠለስቱ ደቂቅ በእሳቱ ፊት ቆመው አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል መሰከሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ ለምስሉ እንደማይሰግዱ ጨመሩ። መታመን ማለት ይህ ነው። የጸሎት መታመኛ የልመናው መፈጸም ቢሆን ኖሮ ጸሎት ንግድ በሆነ ነበር፤ መታመኛው ግን የሚሰማው አምላክ ማንነት ነው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኖ ፈቃዱን ለአባቱ ሰጠ፤ ጽዋውንም ጠጣ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ተነሣ።

ደግሞም የጸሎት መልስ ሁልጊዜ በአንድ ሌሊት አይፈጸምም። ለሕዝቅያስ የተሰጠው ምልክት ለገበሬ የሚገባ ምልክት ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት የገቦውን፥ በሁለተኛውም እንዲሁ ከእርሱ የበቀለውን እንዲበሉ፥ በሦስተኛው ግን ዘርተው እንዲያጭዱ፥ ወይንም ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ ተነገራቸው። ጠላት በአንድ ሌሊት ቢሄድም የተረገጠው እርሻ እስኪያገግም ዘመን ያስፈልገዋል። ከመከራ የወጣ ቤተ ሰብ ሐዘኑ ባይለቀው ጸሎቱ እንዳልተሰማ አይቍጠር፤ የገቦ የሚበላበት ዘመን ነውና በትዕግሥት ይቆይ።

ጸሎት ስለ ጠላትም መሆን እንዳለበት ቤተ ክርስቲያን በጾም ሥርዓቷ ታስተምራለች። ሰናክሬም የተቀመጠባት ከተማ ነነዌ ናት። ዮናስ የሰበከላትና በንስሐ የዳነችውም ይህችው ነነዌ ናት። ምእመናን ዐቢይ ጾም ከመግባቱ አስቀድሞ በየዓመቱ ሦስት ቀን ሲጾሙ የእስራኤልን አስጨናቂ ከተማ ጸሎት በማሰብ ይጾማሉ። አስጨናቂ ቢመለስ ይማራል፤ እንግዲህ የተጨነቀውም በልቡ በቀልን ይዞ ደጀ ሰላም መግባት አይገባውም።

ካህናትና ምእመናን ሆይ፤ የሕዝቅያስ ታሪክ ለኢዮቤልዩ ቀን የሚስማማ አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። ይህ ንጉሥ በጭንቁ ቀን ጸንቶ ቆመ፤ ከበሽታው በዳነ ጊዜ ግን ልቡ ኰራ፤ ለባቢሎን መልክተኞችም ግምጃ ቤቱን ሁሉ ከፍቶ አሳየ። ደብዳቤውን በእግዚአብሔር ፊት የዘረጋው እጅ ሀብቱን በሰው ፊት ዘረጋ። ስለዚህ የደብር በዓል የሕንፃውንና የንዋያቱን ብዛት በመቍጠር ብቻ አይከበር። በዚህ ደጅ ቆመው ያለቀሱ እናቶች፥ ሌሊቱን በማኅሌት ያነጉ አባቶች፥ መልስ ሳያዩ ያረፉም ይታሰቡ። ዛሬም የታመመ፥ የተሰደደ፥ ልጁን የቀበረ ሰው በቤተ መቅደሱ ጥግ ቆሞ ይገኛል። ደስታ ያለው ሰው አጠገቡ ይቁም፤ ከመቅደስም ሲወጣ በእጁ ይርዳው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።