የሚታየው ቁጥር ሌላ፣ የሚደውለው ሌላ

እህቶቼ፣ ከወክራም፣ ከራያንም፣ ከኡም ሰላልም በአውቶቡስና በሜትሮ ተንገላታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ለአንዳንዶቻችሁ የሳምንቱ ዕረፍት ይህቺው አርብ ብቻ ናት። ስለዚህ ነገሩን አላረዝምባችሁም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ስልክ ነው። ስልክ ለእኛ ለቤት ሠራተኞች ጌጥ አይደለም። ማታ ሥራ ጨርሰን በራችንን ስንዘጋ እናታችንን የምናገኘው በእሱ ነው። ልጃችን አድጎ የምናየው በእሱ ነው። ሌባውም ይህን አውቆ ነው በዚያው በር የሚገባው።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ራያን ውስጥ አንድ ቤት እሠራ ነበር። ደመወዜ 800 ሪያል ነበር። አንድ ቀን የምሳ ዕቃ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። ሰውየው በተሰባበረ አረብኛ፣ «መብሩክ! ከስልክ ኩባንያው ነው የምደውለው፤ ቁጥርሽ 200 ሺህ ሪያል አሸንፏል» አለኝ። ልቤ ቆመ። ከዚያ «ገንዘቡ እንዲለቀቅ የአገልግሎት ክፍያ አለ። የ100 ሪያል ካርድ ገዝተሽ ፍቀሽ ቁጥሩን አንብቢልኝ» አለ። «ለማንም እንዳትነግሪ፤ ከሰሙ ይወስዱብሻል» ብሎም አስጠነቀቀኝ።

ቆሻሻ ልጥል ብዬ ወጥቼ በቃላው ጋ ሮጥኩ። አንድ ካርድ ገዛሁ፣ አነበብኩለት። «አንድ ቀረ» አለ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም ገዛሁ። የግማሽ ወር ደመወዜ በግማሽ ሰዓት አለቀ። ስልኩም ዝም አለ። በዚያ ወር ለእናቴ የምልከውን አጎደልኩ፤ ለምን ብላ ስትጠይቀኝ «ማዳም አልከፈለችኝም» ብዬ ዋሸሁ። ከገንዘቡ ይልቅ ውሸቱ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። አፍሬ ለማንም ሳልናገር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። አሁን የምናገረው ከእናንተ መካከል ዝም ያለች ካለች እንድትሰማኝ ነው።

ያኔ የደወለልኝ ሰው ቁጥር የማላውቀው ነበር። ዛሬ ግን ከዚያ የባሰ መጥቷል። ስልካችሁ ላይ የባንካችሁ ቁጥር ወይም የፖሊስ ቁጥር ሊታይ ይችላል፤ የእህታችሁም ቁጥር ሊሆን ይችላል። ደዋዩ ግን ሌባ ነው። «ቁጥሩን አይቼዋለሁ እኮ!» ትሉኛላችሁ። እንዴት እንደሚሆን በምሳሌ ላስረዳችሁ።

ፖስታ ላይ የላኪውን ስም የሚጽፈው ማነው? ራሱ ላኪው ነው። ፖስተኛው ደብዳቤውን ያደርሳል እንጂ «በእርግጥ አንተ ነህ ወይ?» ብሎ አይመረምርም። ስልክም እንዲሁ ነው። መስመሩ የተሠራው የስልክ ኩባንያዎች ጥቂት በነበሩበትና አንዱ ሌላውን በሚያምንበት ዘመን ነው። ደዋዩ በሩቅ አገር ሆኖ በኢንተርኔት ሲደውል፣ «የእኔ ቁጥር ይህ ነው» ብሎ የፈለገውን ቁጥር መላክ ይችላል፤ የእኛም ስልክ የተላከለትን ያሳያል። ይህ የእኛ አለመማር ያመጣው ችግር አይደለም። በአሜሪካ እንኳን ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች የደዋዩን ቁጥር የሚያረጋግጥ ሥርዓት እንዲያስገቡ የተገደዱት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ማጭበርበሩ ግን አልቆመም።

አሁን ይህን በደንብ ያዙልኝ። ሌባው የውሸት ቁጥር ለጥፎ ወደ እናንተ መደወል ይችላል። እናንተ ግን ስልኩን ዘግታችሁ የባንካችሁን ቁጥር ከካርዳችሁ ጀርባ አይታችሁ ብትደውሉ፣ ጥሪው የሚሄደው ለእውነተኛው ባንክ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ዘግቼ ራሴ እደውላለሁ።»

በምክር ሥራዬ የገጠሙኝን ሁለት ታሪኮች ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም።

የመጀመሪያዋ እህታችን ወክራ ውስጥ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ገጠር ያለችው እናቷ ስልክ ላይ የልጇ የኳታር ቁጥር፣ በ974 የሚጀምረው፣ ታየ። አነሳች። የሚናገረው ወንድ ነው፤ በአማርኛ፦ «ልጅሽ የወርቅ ቀለበት ሰርቃ ታስራለች። ስልኳም እኔ ጋ ነው። ዛሬ 60 ሺህ ብር ካልተላከ ወደ ትልቁ እስር ቤት ትገባለች።» ከኋላ የምታለቅስ ሴት ድምፅ ይሰማል። እናት የልጇን ቁጥር ዓይታለች፣ ልቅሶም ሰምታለች፤ ምን ትጠራጠር? ላሟን ከነጥጃዋ ሸጠች፣ ከጎረቤት ተበደረች፣ በተሰጣት ሒሳብ ላከች። ልጅቷ በዚያ ሰዓት የማዳሟን ልጆች ምሳ እያበላች ነበር። ማታ ስትደውል እናቷ ድምፅዋን ሰምታ «ፈቱሽ?» ነው ያለቻት።

ላሟ አልተመለሰችም። ይህች እህታችን ግን አንድ ጥሩ ነገር አደረገች። ከእናቷ ጋር የምስጢር ቃል ተስማሙ። ቃሉ በልጅነቷ የነበራት የበግ ስም ነው፤ ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቀውም። አሁን ማንም ደውሎ «ልጅሽ ታማለች፣ ታስራለች» ቢል፣ እናት «የበጉን ስም ንገረኝ» ትላለች። እናንተም ዛሬ ማታ ቤተሰባችሁ ጋ ስትደውሉ ይህን አድርጉ። ቃሉን በመልእክት አትጻፉት፤ በአፍ ተነጋገሩት። እንዲህ ያለ ስልክ ከመጣም ቤተሰብ ምንም ሳይከፍል ዘግቶ መጀመሪያ ወደ እናንተ ይደውል። እናንተ ሥራ ላይ ሆናችሁ ካላነሳችሁ፣ እዚህ ያለች የአንዲት ጓደኛችሁን ቁጥር አስቀድማችሁ ስጧቸው።

ሁለተኛዋ የደረሰባት ከዚህ የተለየ ነው። እሷን ማንም አላታለላትም። ሌቦቹ የእሷን ቁጥር ለጥፈው ለሌሎች ሰዎች ደወሉ። በማግሥቱ የማታውቃቸው ወንዶች በአረብኛም በኡርዱም እየደወሉ «ለምን ደወልሽልኝ? ሌባ!» እያሉ ይሰድቧት ጀመር። ማዳሟ ስልኩ ሌሊትም ቀንም ሲጮህ ሰማች። «ቁጥርሽን ለወንዶች ትሰጫለሽ» ብላ ስልኩን ቀማቻት፤ አገርሽ እልክሻለሁ አለቻት። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ለወንድሟ የትምህርት ቤት እየከፈለች ነበር፤ ሁሉም ሊበላሽ ነው። እኔ ጋ ስትመጣ «በማላውቀው ነገር ምን ብዬ ልከራከር?» አለችኝ።

ማዳሟን በእሷ ፈቃድ አነጋገርኳት። ስልኩን ከፍተን የወጪ ጥሪዎችን ዝርዝር አሳየናት፤ ወደነዚያ ሰዎች የወጣ አንድም ጥሪ የለም። የፖስታውን ምሳሌም ነገርኳት። ደግነቱ የማዳም ወንድም ተመሳሳይ ነገር ደርሶበት ኖሮ «እውነቷን ነው» አለ። ልጅቷ ሥራዋ ላይ አለች። እናንተም ይህ ከደረሰባችሁ፣ አትደንግጡ፣ የጥሪ ዝርዝራችሁን አታጥፉ። ማዳም ከሌላ ሰው ሳትሰማ ቀድማችሁ ራሳችሁ ንገሯት። ሌቦቹ ቁጥር ስለሚቀያይሩ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ ይበርዳል።

ሌሎቹን ዘዴዎች ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ።

ከማታውቁት የውጭ አገር ቁጥር አንዴ ጠርቶ የሚቋረጥ ጥሪ። ጃፓኖች «ዋንጊሪ» ይሉታል፤ አንዴ ጠርቶ መቁረጥ ማለት ነው። ማን ይሆን ብላችሁ መልሳችሁ ስትደውሉ ካርዳችሁን በውድ ዋጋ ይበላል፤ ከሚቆረጠውም ሌባው ድርሻ አለው። አትመልሱ። በእርግጥ የሚፈልጋችሁ ሰው ደግሞ ይደውላል፣ ወይም መልእክት ይጽፋል።

በዋትሳፕ ወይም በኢሞ የሚመጣ፣ የፖሊስ ልብስ ወይም የመንግሥት ዓርማ ፎቶ ያለበት ጥሪ። ፎቶውን ማንም ይለጥፋል። «መታወቂያሽ ሊዘጋ ነው፣ የባንክ ካርድሽ ታግዷል» ይላሉ። የባታቃችሁን ቁጥር ጭምር ሊያነቡላችሁ ይችላሉ። ቁጥራችሁን ማወቃቸው እውነተኛ አያደርጋቸውም።

«በስህተት ወደ አንቺ ስልክ ኮድ ልኬያለሁ፣ እባክሽ አንብቢልኝ» የሚል። ያ ባለስድስት አኃዝ ኮድ የእናንተ የዋትሳፕ ቁልፍ ነው። ከሰጣችሁ ዋትሳፓችሁን ወስደው በእናንተ ስም ለጓደኞቻችሁ «ቸግሮኛል፣ ላኩልኝ» ይላሉ። የባንክ ኮድ፣ የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርም እንደዚሁ ነው። ለባንክም፣ ለፖሊስም፣ ለወንድምም አይነገርም። እውነተኛ ባንክ ኮድ አይጠይቃችሁም። በዋትሳፕ ውስጥ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባል አለ፤ ያላስገባችሁ ካላችሁ ስንጨርስ ወደ እኔ ኑ፣ አብረን እናስገባለን።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ። «በባታቃሽ ሲም አውጪልኝ»፣ «ገንዘብ በሒሳብሽ ይግባልኝና አውጥተሽ ስጪኝ፣ 200 ሪያል ላንቺ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ የአገር ልጅም ቢሆን እምቢ በሉ። በዚያ ሲም ሰው ቢጭበረበር ወይም የተሰረቀ ገንዘብ በሒሳባችሁ ቢያልፍ፣ ፖሊስ የሚያገኘው የእናንተን ስም ነው። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችው የሳይበር ወንጀል ሕግ ቁጥር 14 በእስርና በገንዘብ ይቀጣል። «አላወቅሁም» ማለት ብዙ አይረዳም። በስማችሁ ስንት ሲም እንዳለ ከተጠራጠራችሁ ባታቃችሁን ይዛችሁ ኡሪዱ ወይም ቮዳፎን ሱቅ ገብታችሁ ጠይቁ።

ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ምን ይደረግ? ሰዓት አታባክኑ። መጀመሪያ ባንኩ ወይም የላካችሁበት ቤት ደውላችሁ ካርዱን፣ ሒሳቡን አዘጉ። ገንዘቡ ገና ካልወጣ ሊያስቆሙት ይችላሉ። ቀጥሎ ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ መልእክቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ በንዴት አታጥፉት። ከዚያ ፖሊስ ጋ አመልክቱ። ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲሆን 999 ነው። ብቻችሁን መሄድ ከፈራችሁ ወይም አረብኛው ካስቸገራችሁ ንገሩን፣ ሰው አብሮ ይሄዳል። አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ፦ «የጠፋ ገንዘብሽን አስመልስልሻለሁ፣ ትንሽ ክፈይ» የሚል ሁለተኛ ሌባ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ተከትሎ ይመጣል።

እናቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች»ም ይላሉ። ሌባ ሁሉ ሁለት ነገር ይላል፦ «ቶሎ በይ» እና «ለማንም አትንገሪ»። እነዚህን ሁለቱን ባንድ ላይ ስትሰሙ፣ ቁጥሩ የማንም ይሁን፣ ዝጉ። በመዝጋታችሁ ባለጌ አትባሉም። እውነተኛ ሰው ከሆነ ይታገሣል።

በመጨረሻ፣ ቀድሞ ለተበላሽባት እህቴ። ሞኝ ስለሆንሽ አይደለም። ለእናትሽ ስለምትጨነቂ፣ ለልጅሽ ስለምታስቢ ነው ያገኙሽ። የነኩት የምትወጂውን ነው። ኀፍረቱን ለብቻሽ አትሸከሚው፤ ኀፍረት ሌባውን ነው የሚሸሽገው። አንቺ የተናገርሽው ታሪክ ነገ የሌላዋን እናት ላም ያተርፋል። እኔ ያን ጊዜ የነገረኝ አጥቼ 400 ሪያል ከፈልኩ፤ እናንተ በነጻ ሰምታችኋል።

እስቲ ከመበተናችን በፊት አንድ ላይ እንበለው፣ ሦስት ጊዜ፦ «ዘግቼ ራሴ እደውላለሁ።»

እግዚአብሔር እናንተንም፣ በአገር ቤት ስልክ ጠብቀው የሚያድሩትንም ይጠብቅ። በሰላም ግቡ።