ጸጥ ያለ ሐይቅ በእርሳስ
(በጁባ አቅራቢያ በጎሮም መጠለያ ጣቢያ ለሚገኙ ወላጆችና ወጣቶች የተዘጋጀ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ራሽን ወይም ስለ ምዝገባ ሳይሆን ስለ እርሳስና ወረቀት ነው። ብዙዎቻችን ከቤታችን ስንወጣ ፎቶግራፍ አልያዝንም። በስደት የተወለዱ ልጆቻችን አገራቸውን የሚያውቁት በወሬ ብቻ ነው። ወንዝ ያውቃሉ፤ ነጭ ዓባይ በጁባ ያልፋል። «ሐይቅ» ስንላቸው ግን የሚታያቸው ዝናብ ያቆረው ኩሬ ነው። በእጃችን የሠራነው ሥዕል ልዩነቱን ያሳያቸዋል።

ለምሳሌ ጣናን እንውሰድ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ከ30 በላይ ደሴቶች አሉት፤ በብዙዎቹም ላይ ጥንታዊ ገዳማት አሉ። ነፋስ ባልተነሳበት ጠዋት፣ ከደንገል የተሠራች ታንኳ ስትቀዝፍበት አስቡት።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ስሙ እርሳስ ቢሆንም ውስጡ ግራፋይትና ሸክላ እንጂ እርሳስ የሚባለው ብረት አይደለም። በመጀመሪያ ውኃውና የማዶው ዳርቻ የሚገናኙበትን መስመር በስሱ አስምሩ። መስመሩ ካዘመመ ውኃው የሚፈስ ይመስላል። የሩቁን ተራራ አደብዝዙት፤ የቅርቡን ደንገል አጥቁሩት። የረጋ ውኃ ራሱ አይሣልም፤ ወረቀቱን ነጭ አድርጋችሁ ትተዉታላችሁ። የሚሣለው በውኃው ላይ የሚታየው ምስል ነው። የደሴቲቱ ምስል ልክ ከሥሯ ተገልብጦ ይውረድ። በላዩ ሁለት ሦስት ቀጭን አግድም መስመር ጣል አድርጉበት። ማዕበል ከጨመራችሁ ጸጥታው ይጠፋል።

ከትዝታ ስትሥሉ አንድ ቦታ ላይ መቆማችሁ አይቀርም። ዛፎቹ በየት በኩል ነበሩ? የታንኳዋ ጫፍ ምን ያህል ቀና ይል ነበር? ያን ጊዜ ወጣቱ ተነሥቶ አዛውንቱን ይጠይቅ። አዛውንቱም ያላሰቡትን ያስታውሳሉ። ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ሥዕሉ ባያምርም ጨዋታው ለልጁ ይተርፈዋል።

ልጆቻችንን ግን እንዳናሳስት። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ የሚባል አረም በጣና ላይ ተስፋፍቶ ዓሣ አስጋሪዎችን ሲያስቸግር ቆይቷል። እኛ የምንሥለው ትተነው የመጣነውን ሐይቅ ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ጀርባ የቦታውን ስም፣ የታየበትን ዓመትና የነገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። እንዲህ ከሆነ ልጁ አንድ ቀን ሄዶ ቢያየው ምን እንደ ተለወጠ ያውቃል።

ከጋምቤላ የመጣችሁ ባሮን ወይም አልዌሮን፣ ከሌላ ስፍራ የመጣችሁም ያደጋችሁበትን ውኃ ሣሉ። ባሮ በሶባት በኩል ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይም ካርቱም ላይ በጁባ ካለፈው ወንዝ ጋር ይገናኛል። ይህን መንገድ ከሥዕሉ ጎን ንድፉት፤ ልጁ እዚህ የሚያየው ወንዝ ከአገሩ ውኃ ጋር የት እንደሚገናኝ ይረዳል።

ለዚህ አንድ እርሳስና ጀርባው ያልተጻፈበት ወረቀት ይበቃል። ሥዕሉ በእጅ ሲነካ ስለሚደበዝዝ ሌላ ወረቀት አልብሱት፤ ዝናብ እንዳያገኘው በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከሰነዶቻችሁ ጋር አስቀምጡት።