የተገለበጠ ባትሪና የተደበቀ ስሕተት
(ስለ ሞተር ብስክሌት የኤሌክትሪክ ብልሽት አፈላለግ ለሙያ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር)



ቆሰበር የፈረስ አገር ናት። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ ባለጌጥ ፈረስ በሜዳው ላይ ሲሰግር ይታያል። ዛሬ ግን ወደ ባንጃና ወደ ፋግታ ለኮማ የገጠር ቀበሌዎች መድኃኒትና ባለሙያ የሚያደርሰው ሞተር ብስክሌትም ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት አለ። ፈረስ ሲታመም ገፈራውን ትቶ ያስታውቃል፤ ሞተር ብስክሌት ግን ሕመሙን እንደ ያዘ ጥቂት መንገድ ሊሄድ ይችላል። ባትሪው ተገልብጦ የታሰረበት ሞተር ብስክሌት የዚህ ዋና ምሳሌ ነው።

በቆሰበር በአንድ ጋራዥ ሊደርስ የሚችለው የሚከተለው ታሪክ ነገሩን ያስረዳል።

አንድ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ለክትባት ጉዞ ተዘጋጅቶ፣ የደከመውን ባትሪ የሚተካ አዲስ ባትሪ ይዞ ማልዶ ይመጣል። ወጣቱ መካኒክ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን በዚያው ቦታ ያስገባል። ሁለቱ ባትሪዎች በቁመትም በወርድም እኩል ናቸው፤ የፖዘቲቩና የኔጋቲቩ ቦታ ግን ግራና ቀኝ ተለዋውጧል። የሽቦዎቹን ቀለም ጭቃና ግራሶ ሸፍኖታል። ሁለተኛው ማሰሪያ ገና ሲነካ ብልጭ ይላል፤ ፊውዙም ይቃጠላል። ወጣቱ ስሕተቱ ወዲያው ይገባዋል። ባትሪውን አስተካክሎ፣ ፊውዙን ለውጦ ቁልፉን ሲከፍት መብራቱ ይበራል፤ ክላክሱ ይጮኻል፤ ሞተሩም ይነሣል። በደንበኛው ፊት ማፈርን ስላልወደደ ምንም ሳይናገር ያሰናብተዋል።

በማግሥቱ ሞተር ብስክሌቱ ከከተማ ርቆ ይቆማል። ባትሪው ባዶ ሆኗል። ብዙዎቹ የእንስሳት ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ አለባቸው፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ግን መንገደኛው ቆሟል ብሎ ከመቅለጥ አይቆጠብም። ገበሬዎቹም ከብቶቻቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ። በጋራዡ ደግሞ ጥፋቱ ባትሪውን በሸጠው ነጋዴ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛ ባትሪ ይገዛል፤ እርሱም በሁለት ቀን ይደክማል።

በመጨረሻ አንድ አንጋፋ መካኒክ ይጠራሉ። መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት ወጣቱን ይጠይቁታል።

«ልጄ፣ የመጀመሪያውን ባትሪ ስታስር ብልጭ ያለ ነገር ነበር?»

«አዎን ጋሼ። ገልብጬው ነበር፤ ፊውዙም ተቃጥሏል።»

ከዚህ መልስ በኋላ ፍለጋው የግማሽ ሰዓት ሥራ ሆነ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የሞተር ብስክሌቱ ጀነሬተር የሚያመነጨው አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪ የሚሞላው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው። በሬክቲፋየሩ ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈቱ በሮች ናቸው፤ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ያሳልፋሉ፣ የሚመለሰውን ይዘጋሉ። ባትሪው ሲገለበጥ እነዚህ በሮች ለራሱ ለባትሪው ይከፈቱለታል። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚሮጠውን ኃይል የሚገታ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ፊውዙ የሚቃጠለው ስለዚህ ነው፤ እርሱ እስኪቃጠል ባለችው ቅጽበት ግን ዳዮዱም ሊጎዳ ይችላል።

መብራቱ መብራቱ ለምን እንዳታለለ መረዳትም ቀላል ነው። ተራ አምፑል ባትሪው በወዲህም በወዲያም ቢታሰር ይበራል፤ ስለዚህ ስለ ሬክቲፋየሩ ምንም አይመሰክርም። ሞተሩ የተነሣውም አዲሱ ባትሪ ባጠራቀመው ኃይል ነው። የካንዴላቸውን ብልጭታ ከባትሪ የሚያገኙ ሞተሮች ባትሪው ሲያልቅ ይቆማሉ፤ ማቀጣጠያቸው በቀጥታ ከማግኔቶ የሚመገብ ግን ባትሪው ባዶ ሆኖም በእግር ሲመቱ ሊነሡ ይችላሉ። በሁለቱም ዘንድ ሞተሩ መነሣቱ ኃይል መሙያው ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

አንጋፋው መካኒክ የተከተሉት ቅደም ተከተል እነሆ።

አንደኛ፣ ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ ይለካል። በደንብ የተሞላና ያረፈ ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያህል ያሳያል። ከ12.4 በታች ከሆነ አስቀድሞ ይሞላል፤ በደከመ ባትሪ የሚደረግ ምርመራ ያሳስታልና።

ሁለተኛ፣ ፊውዙ በዓይን ብቻ ሳይሆን በመለኪያ ይፈተሻል፤ የሚተካውም በዚያው አምፔር መጠን ብቻ ነው። አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ የሬክቲፋየሩ ሶኬት ይነቀላል። ከዚያ በኋላ ፊውዙ ከጸና ጥርጣሬው በሬክቲፋየሩ ላይ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው የባትሪው ቮልት ይለካል። ከ13.5 እስከ 14.5 ያህል መውጣት ይኖርበታል። በምሳሌው ግን 12.3 ላይ ቆሞ ቀስ በቀስ ወረደ፤ ባትሪው ይበላል እንጂ አይመገብም ማለት ነው።

አራተኛ፣ ጀነሬተሩ ይፈተሻል። ባለ 3 ፌዝ ከሆነ በ3ቱ ሽቦዎች መካከል ያለው ኦም ዝቅተኛና እኩል መሆን አለበት፤ ከማሳ ጋር ግን ምንም ግንኙነት ሊኖር አይገባም። ይህ ደኅና ሆኖ ከተገኘ የሬክቲፋየሩ ዳዮዶች አንድ በአንድ ይለካሉ። ጤነኛ ዳዮድ በአንዱ አቅጣጫ ከ0.4 እስከ 0.7 ቮልት ያህል ያሳያል፤ በሌላው አቅጣጫ ዝግ ነው። በዚህ ሞተር ብስክሌት ሁለቱ ዳዮዶች በሁለቱም አቅጣጫ ዝግ ሆነው ተገኙ። ሬክቲፋየሩ ሲለወጥ ንባቡ 14.1 ሆነ። ተወቃሹ ነጋዴም፣ ሁለቱም ባትሪዎች፣ ንጹሓን ነበሩ።

እዚህ ላይ ስለ ፊውዝ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። መለዋወጫ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ በሚጠበቅበት ከተማ፣ በፊውዝ ፈንታ የመዳብ ሽቦ መጠምዘዝ የተለመደ ፈተና ነው። በተገለበጠ ባትሪ ላይ እንዲህ የተደረገ እንደሆነ ዳዮዱ ብቻ ሳይሆን የሽቦዎቹ ልብስ ይቀልጣል፤ እሳቱም ከነዳጅ ታንኩ ሩቅ አይደለም።

ስሕተቱን አስቀድሞ መከላከልም ይቻላል። መካኒኩ የባትሪውን ፖል በቦታው ሳይሆን በምልክቱ፣ ምልክቱ ከጠፋም በመለኪያ ይለይ። በሽቦ ቀለምም በችኮላ አይመን፤ በሆንዳ የማሳው ሽቦ አረንጓዴ ሲሆን በያማሃ ጥቁር ነው። ከቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌቶች መካከልማ ማሳቸው ፖዘቲቭ የሆነ ነበሩ። ሲያስር ፖዘቲቩን አስቀድሞ ኔጋቲቩን ያስከትል፤ ሲፈታ ኔጋቲቩን ያስቀድም። ማሳው ኔጋቲቭ በሆነበት ሞተር ብስክሌት ይህን ያደረገ መካኒክ መፍቻው ሻንሲውን ቢነካ ብልጭታ አይነሣበትም።

ይሁን እንጂ ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ እውነቱን መናገር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። የባትሪው መገልበጥ የቅጽበት ስሕተት ነበር፤ ኪሣራውም ከአንድ ሬክቲፋየር ባላለፈ ነበር። ዝምታው ግን የአንድ ባትሪ ዋጋ፣ የክትባት ቀንና የአንድ ነጋዴ ስም አስከፈለ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጋራዥ የሥራ ደብተር ይኑረው፤ «ባትሪ ተገልብጦ ነበር፣ ፊውዝ ተቃጥሏል» የሚለው መስመርም ያለ ፍርሃት ይጻፍበት። የጋራዡ ኃላፊ ደግሞ ይህን የጻፈውን ወጣት አይቆጣ፤ የተቆጣው እንደሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ደብተሩ ባዶ ይሆናልና።