አሮጌ ቤቶችን በቤተ መዘክርነት ስለ ማቆየት
ለገዳሪፍና ለድንበሩ አካባቢ ነዋሪዎችና ሹማምንት የተደረገ ንግግር



ከገዳሪፍ እስከ ጋላባትና መተማ ያለው ምድር ታሪክ ያልጐደለው ምድር ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቈስለው ሞቱ። ገዳሪፍም በመስከረም ወር 1891 ዓ.ም. ከድርቡሾች እጅ ወጥታ በእንግሊዝና በግብፅ ጦር ተያዘች። ይሁን እንጂ በሽማግሌ አንደበት ብቻ የቀረ ታሪክ ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል፤ ስለዚህ ማደሪያ ቤት ያሻዋል።

ቤቱንም በብዙ ወጪ አዲስ መሥራት ግድ አይደለም። በኦምዱርማን የኸሊፋ አብዱላሂ መኖሪያ የነበረው ቤት እ.ኤ.አ. በ1928 ቤተ መዘክር ሆኗል። በሐረርም አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ማንም ሳያዛቸው የብራና መጻሕፍት፥ ሳንቲምና የቤት ዕቃ ሰብስበው፥ በ1990 ዓ.ም. ገደማ በገዛ ቤታቸው ለተመልካች ከፈቱ። ቈይቶም መንግሥት የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውን ጥንታዊ ሕንፃ ለዚሁ ሥራ ፈቀደላቸው። ትጋቱ ከዜጋው፥ ቤቱ ከመንግሥት ሆነ ማለት ነው።

«ተፈናቃይ በሞላበት ከተማ ስለ አሮጌ ግድግዳ መነጋገር ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። የተራበን ማብላት እንደሚቀድም ማንም አይክድም። ነገር ግን በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በካርቱም በተነሣው ጦርነት የሱዳን ብሔራዊ ቤተ መዘክር ተዘርፏል። ከዚህም ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፥ በአንድ ቦታ የተከማቸ ሁሉ በአንድ ክፉ ቀን ሊጠፋ ይችላል። ሁለተኛ፥ ያልተመዘገበ ዕቃ ከተዘረፈ በኋላ የማን እንደ ነበረ አስረድቶ ማስመለስ እጅግ ያስቸግራል።

እንግዲህ በፈቃዱ የሚሠራ ማኅበር ሥራውን በቅደም ተከተል ይያዝ። ክረምት ሳይገባ የሚያፈሰው ጣራና የውሃ መውረጃው ይጠገን፤ ግድግዳን ከሁሉ ይልቅ የሚያፈርሰው ውሃ ነውና። እያንዳንዱ ዕቃ ከቍጥሩ፥ ከፎቶግራፉ፥ ከሰጪው ስምና ከመጣበት ቀን ጋር ይመዝገብ፤ የመዝገቡም ግልባጭ በሌላ ከተማ ይቀመጥ። በውሰት ለመጣ ዕቃ ለባለቤቱ ደረሰኝ ይሰጠው። ሹማምንትም ቤቱ ለመጋዘን ወይም ለሱቅ እንዳይከራይ በጽሑፍ ያጽኑ።

ከቤቱ የተፈናቀለ ሰው የአባቱን መጽሐፍ ወይም የእናቱን ጀበና ብቻ ይዞ ይመጣ ይሆናል። ያንን በአደራ ተቀብሎ ስሙን በመዝገብ የሚጽፍ ከተማ፥ የራሱን ታሪክ ከመጠበቁም በላይ እንግዳውን ወገን ያደርጋል።