መጽሐፉ አለ፤ መንገዱ ግን ይጠየቃል

(የተማሪዎች ማኅበር ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ባዘጋጀው ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን መሪዎች ስለ ቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም ጥቂት ቃል እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ በመጀመሪያ እንደ ማፈር ብዬ ነበር። በዚህ ጉዳይ ምክር መስጠት የሚገባው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እንጂ እንደ እኔ ያለ የአራተኛ ዓመት ተማሪ አይደለምና። ነገር ግን መንገድ ጠፍቶበት የነበረ ሰው የሚያሳስተው መታጠፊያ የት እንደ ሆነ ደኅና አድርጎ ያውቃል። ስለዚህ የጠፋሁበትን ልነግራችሁ ቀርቤአለሁ።

እኔ የመጣሁት ቤተ መጻሕፍት ከሌለው ትምህርት ቤት ነው። አንድ የመጽሐፍ ሣጥን ነበረን፤ ቁልፉም በርእሰ መምህሩ ኪስ ይኖር ነበር። እዚህ ደርሼ ያን ሁሉ መደርደሪያ ባየሁ ጊዜ ደነገጥሁ። ያላወቅሁትን መጠየቅም ባላገርነቴን የሚገልጥብኝ መሰለኝ። ስለ ሆነም በመጀመሪያው ዓመት በየማታው ደብተሬን ይዤ እገባለሁ፤ ወንበርና መብራት አገኛለሁ፤ መምህሩ ያጻፈንን ማስታወሻ በቃሌ አጠናለሁ፤ ደብተሬን ይዤ እወጣለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ አንድም መጽሐፍ ከመደርደሪያ አላወረድሁም ነበር። ከወንዝ ዳር ተቀምጦ በኮዳ ይዞት የመጣውን ውሃ የሚጠጣ መንገደኛ ማለት እኔ ነበርሁ። ዛሬ ማታ ገብታችሁ ብትመለከቱም ብዙዎቻችን ይህንኑ ስናደርግ ታገኙናላችሁ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር ቤቱን ማወቅ ነው። በማበደሪያው ጠረጴዛ በመታወቂያችሁ መጽሐፍ ትወስዳላችሁ፤ ትመልሳላችሁም። መዝገበ ቃላት፥ ካርታና ኢንሳይክሎፒዲያ ያሉበት ክፍል ደግሞ እዚያው ተነብበው የሚተዉ መጻሕፍት ክፍል ነው። ከዚህ ሌላ፥ መምህራን ለትምህርታቸው የሚያስፈልጉትን መጽሐፍ አስለይተው ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚያስነብቡበት ክፍል አለ፤ አንድ ቅጂ ለስድሳ ሰው የሚዳረሰው በዚህ ነው። መጽሔትና ጋዜጣ የተለየ ቦታ አላቸው። ከእኛ በፊት የተመረቁት የጻፉት የመመረቂያ ጽሑፍም እንዲሁ። በመጀመሪያው ሳምንት እነዚህን ቦታዎች በእግራችሁ ዞራችሁ እዩ።

ሁለተኛው ካታሎጉ ነው። በቀድሞ ዘመን ካታሎግ ማለት በትንንሽ መሳቢያ የተደረደረ ካርድ ነበር፤ ዛሬ በኮምፒዩተር ይገኛል። መንገዱ ግን ያው ሦስት ነው፤ በደራሲው ስም፥ በመጽሐፉ ርእስ፥ ወይም በጉዳዩ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለ ሆነ ጥቂት ላብራራ።

የእኛ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱ ስም እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም አይደለም። ስለዚህ ሐዲስ ዓለማየሁ የሚፈለጉት «ሐዲስ» ተብለው ነው። ነገር ግን ልማዳችንን የማያውቅ ካታሎግ ገልብጦ «ዓለማየሁ» በሚለው ሊመዘግባቸው ይችላል። በአንዱ ስም ብታጡ በሌላው ሞክሩ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ «ሐዲስ»ን በአንድ «ዲ»፥ ሌላው በሁለት «ዲ» ይጽፈዋል። በገዛ ፊደላችንም ቢሆን ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት «ሀ» «ሐ» «ኀ»፥ «ሰ»ና «ሠ»፥ «ጸ»ና «ፀ» ለኮምፒዩተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» ብላችሁ ያጣችሁትን «ጸሐይ» ብላችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ።

የዘመን አቆጣጠርም ያሳስታል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ይህም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1965 ወይም 1966 ይሆናል። በካታሎግ ላይ ሁለት ዓይነት ዓመት ብታዩ ሁለት መጽሐፍ ነው ብላችሁ አትደናገሩ። ዓመቱን በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ስትጠቅሱም በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ግለጹ።

በጉዳይ ስትፈልጉ ደግሞ ቃሉን መለዋወጥ ልመዱ። የውጭ አገር ሰዎች በድሮ ዘመን የጻፉት መጽሐፍ አገራችንን ብዙ ጊዜ «አቢሲኒያ» ይላታል፤ «ኢትዮጵያ» ብቻ ብሎ የፈለገ ያን ሁሉ ያጣል። የእርሻ ተማሪም ስለ ጤፍ ሲፈልግ «ጤፍ» ብሎ እንዳያበቃ፤ በሳይንስ ስሙ «ኤራግሮስቲስ ጤፍ» ብሎ ቢጨምርበት ሌላ በር ይከፈትለታል።

ሦስተኛው ቁጥሩ ነው። በመጽሐፉ ጀርባ የተለጠፈው ቁጥር የመጽሐፉ አድራሻ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት አንዱ አመዳደብ አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን፥ ዕውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 በአሥር ክፍል ይመድባል። በዚህ አመዳደብ የኢትዮጵያ ታሪክ 963፥ የአማርኛ ቋንቋም 492.87 ነው። የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ግን በፊደል ይጀምራል፤ በእርሱ የኢትዮጵያ ታሪክ የሚገኘው «ዲ» እና «ቲ» ከሚሉት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ ከ371 እስከ 390 ባለው ቁጥር ነው። የምትገቡበት ቤት በየትኛው እንደሚሠራ መጠየቅ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር የሚነበበው አንድ በአንድ እንጂ እንደ ሙሉ ቁጥር አይደለም። 963.12 የሚቆመው ከ963.2 በፊት ነው፤ አሥራ ሁለት ከሁለት ይበልጣል ብሎ ወደ ፊት የሄደ ሰው «መጽሐፉ የለም» ብሎ ይመለሳል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ! መጽሐፉንም ካገኛችሁ በኋላ ቶሎ አትሂዱ፤ በግራና በቀኝ ያሉትን ጎረቤቶቹን ተመልከቱ። ስለ አንድ ጉዳይ የተጻፉት ጎን ለጎን ስለሚቆሙ፥ ያልፈለጋችሁት መጽሐፍ ከፈለጋችሁት በልጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

አራተኛው ከየት መጀመር እንደሚገባ ማወቅ ነው። ስለ አገራችን ታሪክ፥ ሃይማኖት፥ ቋንቋና ሕዝብ ለሚጽፍ ሰው «ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ» የሚባለው በ2003 እና በ2014 እ.ኤ.አ. መካከል በአምስት ጥራዝ የወጣ ትልቅ ሥራ አለ። በየርእሱ ግርጌ ተጨማሪ የሚነበቡትን ጽሑፎች ስለሚዘረዝር ለጀማሪ ጥሩ መሪ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን በየቋንቋው ይሰበስባል፤ የብራና መጻሕፍትም አሉት። ወመዘክር የምንለው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትም በ1936 ዓ.ም. የተከፈተ የሁላችን ቤት ነው።

«ሁሉ ነገር በስልኬ አለ» የሚል ጓደኛ እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ነው፥ ብዙ ነገር አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ እንኳ በኢንተርኔት ይነበባል። ነገር ግን የዋናዎቹ መጽሔቶች በር ብዙ ጊዜ በገንዘብ የተዘጋ ነው። የጤና ተማሪዎች፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው «ሂናሪ» የሚባል አገልግሎት አለ፤ እንደ እኛ ባለ አገር ላሉ ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን ያለ ዋጋ ወይም በጥቂት ዋጋ ይከፍታል። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋም ስለ ሆነ የሚገኘው ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። ስልካችሁም ቢሆን ወደዚያው ጠረጴዛ ይመልሳችኋል ማለት ነው።

ስለዚህ ጠይቁ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለምን? ስትጠይቁም «የታሪክ መጽሐፍ አለ?» አትበሉ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሠራተኛውንም እናንተንም ያደክማል። «ስለ አድዋ ጦርነት የስንቅ አቅርቦት ልጽፍ ነው፥ ይህን ይህን አይቻለሁ፥ ከዚህ ወዴት ልሂድ?» በሉ። በሁለተኛው ዓመት እንደ ምንም ደፍሬ ጠየቅሁና፥ ያ የፈራሁት ሰውዬ ከወንበሩ ተነሥቶ መደርደሪያው ድረስ አብሮኝ ሄደ። አንድ ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይህን ኖሯል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከዚህ በኋላ የምናገረው የሚያኮራ አይደለም። መጽሐፍ መፈለግን ስማር መጽሐፍ መደበቅንም አብሬ ተማርሁ። ፈተና ሲቀርብ ለክፍላችን ሁሉ አንድ ቅጂ ብቻ የነበረውን መጽሐፍ ከቦታው አንሥቼ፥ ማንም ከማይደርስበት ከእንስሳት ሕክምና መጻሕፍት ኋላ ሸጎጥሁት። በየማታው ሄጄ አነብበዋለሁ፤ መልሼም እሸጉጠዋለሁ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ አራት ቀን ፈለገው። ካታሎጉ «አለ» ይለዋል፥ መደርደሪያው ባዶ ነው። እኔንም ጠየቀኝ፤ «አላየሁም» አልሁት። እኔ አለፍሁ፤ እርሱ ወድቆ ትምህርቱን በሚቀጥለው ዓመት ደገመው። ሌላም ምክንያት ይኖረው ይሆናል፤ እኔ ግን የማውቀው ያን መጽሐፍ ነው። ኋላ ሕሊናዬ አላስችል ቢለኝ ሄጄ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «መጽሐፍ የጠፋ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የጠፋው ሰው ነው» አለኝ።

አባቶቻችን በብራና መጽሐፍ ላይ፥ መጽሐፉን የሰረቀና ጽሑፉን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ይጽፉ ነበር። አንድ መጽሐፍ ስንት የፍየል ቆዳና ስንት የጸሐፊ ወር እንደሚፈጅ ያውቁ ነበርና። ዛሬ መጽሐፍ በመኪና ይታተማል፤ ለእኛ የሚደርሰው ግን አሁንም አንድ ቅጂ ነው። ገጽ የሚቀድድም፥ መጽሐፍ የሚደብቅም፥ ጊዜው ያለፈበትን በአልጋው ሥር የሚያኖርም የሚሰርቀው ከመንግሥት ሳይሆን ከጎኑ ከተቀመጠው ጓደኛው ነው።

ክቡራን መምህራኖቻችንንም በትሕትና የምለምነው አለኝ። የሚነበቡትን መጻሕፍት ዝርዝር ለእኛ ከመስጠታችሁ አስቀድሞ ለቤተ መጻሕፍቱ ብትሰጡልን ቅጂው በጊዜ ተለይቶ ይጠብቀናል። በፈተናም ላይ ከማስታወሻው ውጭ የሆነ አንድ ጥያቄ ብትጨምሩ፥ ጓደኞቼ ይቆጡኝ እንደ ሆነ እንጃ እንጂ፥ ብዙዎቻችን ከደብተራችን ቀና እንላለን።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት አንድ ማታ ያለ ደብተር ግቡ። ስለ ተወለዳችሁበት አካባቢ የተጻፈ አንድ ነገር በካታሎግ ፈልጉ፤ ቁጥሩን በወረቀት ጻፉ፤ በቁጥሩ ሂዱና መጽሐፉን በእጃችሁ ያዙ። ብታጡት ጠይቁ። ካነበባችሁት በኋላም ሌላው ሰው እንዲያገኘው ለሠራተኛው መልሱለት።