መልስ ያለው ዘፈን

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



የመሥሪያ ቤት ሰው ቀኑን በመዝገብና በማኅተም መካከል አሳልፎ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከአንድ መጠጥ ቤት በር ላይ የመሰንቆ ድምፅ ቢሰማ እግሩ ጥቂት መዘግየቱ አይቀርም። መሰንቆው ብቻውን የሚጮህ ከሆነ ግን አንድ ሁለት ስንኝ ሰምቶ መንገዱን ይቀጥላል። ወንዱ ተናግሮ ሲያበቃ ሴቲቱ መልስ ስትሰጥ የሰማ እንደሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ ቦርሳውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያዛውርና ይቆማል። እርስዋ የመለሰችውን ሰምቷልና፣ እርሱ ደግሞ ምን ሊላት እንደሆነ ሳያውቅ መሔድ ያቅተዋል። ይህን የምናገረው ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት እራቴ ስንት ጊዜ እንደቀዘቀዘ ባለቤቴ ትመሰክራለች።

ዛሬ ማታ ልነግራችሁ ያሰብሁት፣ ወንድና ሴት እየተቀባበሉ የሚዘፍኑት የሀገር ቤት ዘፈን ልብን እንዲህ አድርጎ የሚይዝበት ምክንያት ምን እንደሆነ ነው። ምክንያቱን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ጥፋቴ ስለሆነ፣ በቅድሚያ ጥፋቴን መናገር ይገባኛል።

በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ለሥራ ወደ መተማ ዮሐንስ ተልኬ ነበር። ከጎንደር በአዘዞ በኩል ተነሥቶ፣ አይከልን አልፎ፣ ቁልቁል ወደ ገንዳ ውሃና ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በአይከል ካፖርት ለብሶ የነበረ መንገደኛ መተማ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ከተማይቱ አፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉባት ምድር ስትሆን፣ ስማቸውን እስከ ዛሬ ይዛ ትኖራለች። ከአንዲት ትንሽ ድልድይ ማዶ የሱዳን ገላባት ናት።

ወሩ የሰሊጥ አጨዳ ወር ነበር። ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ አዝመራ ነው፤ ፍሬውን የያዘው ሽፋን ደርቆ አፉን ከከፈተ ዘሩ መሬት ላይ ይፈስሳልና፣ ከዚያ በፊት ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ቆሞ መድረቅ አለበት። ስለዚህም በዚያ ወራት ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ብዙ ሰው ማጭዱን ይዞ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሠራተኛ ባለበት ገንዘብ አለ፤ ገንዘብ ባለበትም አዝማሪ አይጠፋም።

እኔ ያገኘኋቸው አዝማሪዎች ባልና ሚስት ሲሆኑ፣ እነርሱም አጫጆቹን ተከትለው ከጎንደር አካባቢ የወረዱ ነበሩ። በቆርቆሮ ጥላ ሥር በተሠራ አንድ ጠላ ቤት ውስጥ ባልዬው በርጩማ ላይ ተቀምጦ የደጋኑን ጭራ በዕጣን ያሻል፤ ሚስቲቱ ነጠላዋን በወገብዋ ታጥቃ ቆማለች። ቤቱ ከዳር እስከ ዳር በአጫጆች ተሞልቷል። አብዛኞቹ ሚስቶቻቸውን ወይም እጮኞቻቸውን በደጋ ትተው የመጡ ናቸው። አንዳንዱ እጁን አንሥቶ «ተቀበል!» ይልና የራሱን ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። እኔ መቅረጫዬን ከመሰንቆው ፊት ለፊት አስቀምጬ በሥራዬ ተደስቼ ነበር። መቅረጫውን ከሁለቱ መካከል ማስቀመጥ እንደሚገባ ያን ጊዜ አላሰብሁም።

ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ ባልዬው በአጫጅ አንደበት ሆኖ፣ ለሚስቱ እንዲህ ሲል ዘፈነ፤

«ልወርድ ነው ሰሊጡን አጭጄ ልከርም፣
ስመለስ ማግኘቴን እንጃ እኔስ አላውቅም።»

ይህን ጊዜ ጠላ ቤቱ ጸጥ አለ። እያንዳንዱ አጫጅ በልቡ ይዞት የወረደውንና ለጓደኛው እንኳ ሊናገር ያፈረውን ነገር ሰው በአደባባይ ሲናገርበት ሰምቷልና። ሴትዮዋ ቶሎ አልመለሰችም። መሰንቆው ያንኑ ዜማ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ዞረ፤ እርስዋም የሰውን ፊት በተራ በተራ ተመለከተች። ከዚያም፤

«ሂድ እንጂ አትጨነቅ ጓደኞችህ ሔዱ፣
ለተዋደደ ሰው መተማ መንገዱ።»

ሰሙን ለሚሰማ፣ ለተዋደደ ሰው የመተማ መንገድ መንገዱ ነው፤ ሔዶ ይመለስበታል። ወርቁ ግን ቃሉን በሌላ ስፍራ ሲቆርጡት ይወጣል፤ ለተዋደደ ሰው «መተማመን ገዱ»። አንድ ጠና ያለ አጫጅ ከተቀመጠበት ተነሥቶ የብር ኖት ከግንባርዋ ላይ ለጠፈላት። ሌሎቹ ሳቁ፤ ከሳቁትም መካከል ዓይናቸውን በክንዳቸው የጠረጉ ነበሩ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ፕሮግራሙን ሳዘጋጅ የተሰጠኝ ደቂቃ ጥቂት ነበር። የወንዱ ድምፅ ጥርት ያለ ሲሆን የሴቲቱ ግን ከመቅረጫው በመራቅዋ ምክንያት ከጫጫታው ጋር ተቀላቅሏል። ስለዚህ የወንዱን ጥያቄ አስቀርቼ፣ ከእርሱ በኋላ መሰንቆው ብቻውን እየደከመ እንዲሔድ አድርጌ ጨረስሁት። አንዳንድ ባልደረቦቼ ኀዘን የተሞላበት ግሩም ፍጻሜ ነው ብለው አመሰገኑኝ፤ እኔም አመንኋቸው።

ፕሮግራሙ ከተላለፈ በኋላ አንድ አድማጭ ስልክ ደወለ። ስሙንም አልተናገረ፤ «ሴትዮዋ ምን አለች?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ዘፈኑ እዚያ ላይ ያበቃል ብዬ መለስሁለት። ሐሰት ነበር።

በተከታዩ ዓመት በመስከረም ወር በጎንደር ከተማ ሴትዮዋን ራስዋን አገኘኋት። ከሰላምታ በኋላ፣ «ወንድምዓለም፣ እኔን አፌን ይዘህ ባሌን ብቻ አስጮህኸው። ጎረቤቶቼ ራዲዮኑን ሰምተው ባልሽ መተማ ሆኖ የሚያለቅስብሽ ምን አድርገሽው ነው ይሉኛል። ሳልጠብቀው የቀረሁ መስሏቸዋል» አለችኝ። በቁጣ አልተናገረችም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እኔ ጊዜ ለማብቃቃት የቈረጥሁት አንድ ስንኝ በርስዋ ዘንድ የስም ነገር ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ዓይነት ዘፈን የምሰማበት ጆሮ ተለወጠ። በውጭ ሀገርም ባልና ሚስት አብረው የሚዘፍኑት ዘፈን ብዙ ወዳጅ አለው። በአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ጆኒ ካሽና ባለቤቱ ጁን ካርተር በዚሁ ታውቀዋል። ነገር ግን በእነርሱ ዘንድ ቃሉ ቀድሞ የተጻፈና የታወቀ ነው፤ ጥያቄው ሲነሣ መልሱ በወረቀት ላይ ተቀምጧል። በአዝማሪ ቤት ጠያቂው ራሱ መልሱን አያውቀውም። ባልዬው ስንኙን ከጨረሰ በኋላ ደጋኑን ይስባል እንጂ ሚስቱ በዚህ ሌሊት ምን እንደምትለው ሊያውቅ አይችልም። እኛም የምናደምጠው ዜማውን ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው በሌላ ሰው ፊት መልስ ሲጠብቅ እናያለን። ይህ ደግሞ በየቤታችን የምናውቀው ነገር ነው።

መሰንቆው በዚህ መካከል ያለው ሥራ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ያለው መሣሪያ በመሆኑ ዘፋኙን ሸፍኖ ሊያስቀረው አይችልም፤ ድምፁም ለሰው ድምፅ የቀረበ ነው። ዘፋኙ የተናገረውን ዜማ ተቀብሎ ሲደግመው፣ ለሚቀጥለው ሰው ማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል። ያ ሁለት ጊዜ የዞረው ዜማ ለሴትዮዋ ስንኝዋን የምታሰካበት ፋታ ነበር፤ የሰጣትም የሚጠይቃት ባልዋ ነው። በክርክር መካከል ለተከራካሪው ጊዜ የሚሰጥ ሰው በየስብሰባችን ቢገኝ እንዴት ባማረ።

እንዲህ ያለው ቅብብል በከተማ መድረክም ያልታየ አይደለም። ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ በክራራቸው፣ አቶ ጌታመሳይ አበበም በመሰንቆአቸው አንዱ ሌላውን እየነካ ሲጫወቱ ያየ ሰው፣ ሁለቱም የተካኑበት ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። በካሳንችስ ይገኙ በነበሩት አዝማሪ ቤቶችም ብዙ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ወር በገባ ሰሞን፣ ስለ ኩርፍያውና ስለ ሹመቱ በሰምና ወርቅ ተነግሮበት ስቆ ወጥቷል።

መልሱን የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ መሣሪያው ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን ሀገር ተልከው ሳለ የመጀመሪያዎቹን የአማርኛ ሸክላዎች ሲያስቀርጹ፣ የሸክላው አንድ ፊት የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ይካሔድ የነበረ ጨዋታ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በደቂቃ ልክ ሲሰፋ ኖሯል። እኔም የዚያው ልማድ ወራሽ መሆኔ ነው፤ ነገር ግን የዛሬው መቅረጫ ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚይዝ ስላልሆነ ምክንያት አይሆነኝም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸውም ንቀት ነው። አዝማሪን ስንሰማ እንስቃለን፣ እንሸልማለን፤ ልጃችን አዝማሪ ልሁን ቢል ግን ፊታችን ይጠቁራል። ከጎንደር ከተማ አጠገብ የምትገኘው ቡርቧክስ በአዝማሪዎችዋ የታወቀች መንደር ሆና ሳለ፣ ስምዋን ከመካከላችን ስንቱ ሰምቶታል? የአዝማሪን ቃል ክብደት ከእኛ ይልቅ ጠላት የተረዳው ጊዜ ነበር። ግራዚያኒ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ከጠንቋዮች ጋር አዝማሪዎች ይገኙ ነበር። ከአዝማሪም ሴትዮዋ ይበልጥ ትናቃለች። መሰንቆውን የያዘው ወንዱ በመሆኑ ዘፈኑ የእርሱ ይመስለናል። እኔም መቅረጫዬን ያስቀመጥሁት ከእርሱ ፊት ነበር።

ስለ መተማ ሌሊት አንድ ነገር ልጨምር። ከድልድዩ ማዶ የመጡ ሁለት ሱዳናውያን ነጋዴዎች በዚያ ጠላ ቤት በር ላይ ቆመው ነበር። የእነርሱም ሙዚቃ እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ በመሆኑ ዜማው እንግዳ አልሆነባቸውም። ቃሉን ግን አያውቁትም። ሴትዮዋ መልስዋን በሰጠች ጊዜ አንደኛው አማርኛ የሚያውቅ የሚመስለውን ሰው ልብሱን ይዞ ምን አለች እያለ በምልክት ጠየቀው። በኋላ ስልክ የደወለልኝ ሰው የጠየቀኝም ይህንኑ ነበር።

የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ያ ድልድይ ብዙ ስደተኛ አሻግሯል። በእኛም በኩል ያለው መንገድ እንደ ቀድሞው በሰላም የሚሔዱበት አልሆነም። ባልና ሚስቱን ለማግኘት በጎንደር ባሉ ወዳጆቼ በኩል ያደረግሁት ሙከራ አልተሳካም። ሔጄ እንደገና ልቅረጻችሁ ማለት ስላልቻልሁ፣ የቀረኝ የመጀመሪያው ቀረጻ ብቻ ነው። ሳልጥለው በመቅረቴ አመሰግናለሁ። የሴትዮዋ ድምፅ ሩቅ ነው፤ የብርጭቆ ድምፅ አለበት፤ አንድ ሰውም በመካከሉ ያስላል።

አሁን ያን ቀረጻ ምንም ሳንቈርጥ እናሰማችኋለን። ርዝመቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ራዲዮናችሁን ጥቂት ከፍ አድርጉት። ከመልስዋ በኋላ ሴትዮዋ ስትስቅ ትሰማላችሁ፤ የሳቀችው በእኔ ነው፤ መቅረጫውን የት እንዳስቀመጥሁ አይታ ነበር።